ኢንዲያና ዱንስ እናቴን ይዤ ልሄድ ነው፣ የምታውቁት ምከሩኝ

ሰብሊ_ቺካጎ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ መስከረም አብራን ነች፣ እስካሁን ከቤት ቤተክርስቲያን ከቤተክርስቲያን ቤት ነው ያደረግናት እና አንድ ቀን ወጣ እናድርጋት ብለን ከባለቤቴ ጋር ስንመካከር ኢንዲያና ዱንስ (ሐይቅ ዳር ያሉት የአሸዋ ኮረብታዎች) የሚለው መጣ። ከቺካጎ አንድ ሰዓት ምናምን ነው ይላሉ። ልጆቹ 10 እና 6 ዓመታቸው ነው፣ ትልቁ የአሸዋውን ተራራ ዩቱብ ላይ አይቶ ካልሄድን ብሎ አስጨንቆናል። ችግሬ የእናቴ ጉልበት ነው፣ ደረጃ አትችልም፣ ሜዳ ላይ ግን ቀስ እያለች ትሄዳለች። ዌብሳይቱን ሳይ ደግሞ ናሽናል ፓርክ አለ፣ ስቴት ፓርክ አለ፣ ሁለቱም ክፈሉ ይላሉ፣ ግራ ገባኝ። በየት በኩል ነው የሚገባው? ለሷ የሚሆን ቦታስ አለ? ቡናስ ይዘን መሄድ እንችላለን? የምታውቁ ጻፉልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የዱኑ_ጎረቤት፦
እህቴ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። እኔ እዚሁ ሰሜን ምዕራብ ኢንዲያና ነው የምኖረው፣ ክረምት ከበጋ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ግራ ያጋባሽን። ሁለት ፓርክ ነው ያለው። ትልቁ የፌደራሉ፣ ኢንዲያና ዱንስ ናሽናል ፓርክ ነው፣ የሚሺጋንን ሐይቅ ዳር ተከትሎ ከጌሪ እስከ ሚሺጋን ሲቲ 15 ማይል ያህል ይሄዳል፣ ግን አንድ ወጥ እንዳይመስልሽ፣ መሀል መሀሉን የብረት ፋብሪካ፣ ወደብ፣ የሰው መኖሪያ ይቆራርጠዋል። ሁለተኛው እዚያው መሀል ያለው የስቴቱ ፓርክ ነው፣ ከ1925 ጀምሮ ያለ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የራሱ በር የራሱ ክፍያ። የአንዱ ትኬት ለሌላው አይሠራም፣ ይሄን ባለማወቅ ስንቱ ሰው በር ላይ ሲከራከር አይቻለሁ። የናሽናሉ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ሆኖ 7 ቀን ያገለግላል፣ የናሽናል ፓርኮቹ የዓመት ካርድ ያለው በሱ ይገባል። የስቴቱ በቀን ነው፣ የኢሊኖይ ታርጋ ከኢንዲያና ታርጋ በለጥ አድርጎ ይከፍላል።

ለእናትሽ እኔ የምመርጠው ፖርቴጅ ሌክፍሮንትን ነው። ናሽናሉ ውስጥ ነው። መኪና ከሚቆምበት ተነስተው ጥርጊያ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ሐይቁ ዳር ይደርሳሉ፣ ደረጃ የለም፣ ሽንት ቤት አለ፣ ጥላ ያለው ህንጻ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት ፒር (ወደ ውሃው የገባ መቆሚያ) አለ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሐይቁን ማየት ይችላሉ። ቦታው ድሮ የብረት ፋብሪካ የቆሻሻ ውሃ የሚያጠራቅምበት ገንዳ ነበር ብትባይ አታምኚም፣ ጸድቶ ነው በ2008 ለሕዝብ የተከፈተው። ፓርኪንጉ ግን ጠባብ ነው።

ለልጆቹ ደግሞ ዌስት ቢች። ትልቅ ፓርኪንግና ሻወር አለው፣ በሙቀቱ ወራት ላይፍጋርድ (የዋና ጠባቂ) የሚኖርበት ጊዜም አለ፣ እና ዱን ሰክሰሽን የሚባለው የእግር መንገድ እዚያ ነው፣ አንድ ማይል አይሞላም ግን ወደ 250 ደረጃ አለው። ጫፉ ላይ ስትወጡ ሰማዩ ጥርት ካለ የቺካጎ ፎቆች ከውሃው ማዶ ይታያሉ። ባልሽ ልጆቹን ይዞ ይውጣ፣ አንቺና እናትሽ ታች ጥላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምናችሁ። ከውሃው ዳር ከፍ ስትሉ አሸዋው ላይ ሳሳ ሳሳ ብሎ የበቀለ ሣር ታያላችሁ፣ ማራም ይባላል። ልጆቹን ጠጋ አድርገሽ አሳዪያቸው፣ ነፋስ ጫፉን እያዞረው አሸዋው ላይ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ክብ ያሰምራል። ከላይ የሚታየው ትንሽ ነው፣ ሥሩ ከታች በአግድም እየተሳበ ሌላ እያበቀለ ያን ሁሉ አሸዋ ጠፍሮ የያዘው እሱ ነው። አሸዋ ሲቀብረው አይሞትም፣ እንዲያውም ወደ ላይ ይመዘዛል። እግር ግን አይችልም። ሰው ደጋግሞ ሲረግጠው ይደርቃል፣ እሱ ሲደርቅ ነፋሱ ያንን ቦታ ይቦረቡረዋል፣ ሲቦረቡረው ኮረብታው ተነስቶ ወደ ጫካው መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ በአጥር የተከለለበት አትግቡ፣ አጥር ባይኖርም መንገድ ከተሠራበት አትውጡ። ሰው ሁሉ ለአንድ ፎቶ ብሎ ነው ሣሩ ላይ የሚቆመው፣ እኔ ይሄ በጣም ያመኛል።

ናፍቆት_ኤጅዋተር፦
ጎረቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሰዓት ነው። ቅዳሜ እሁድ ሙቀት ከሆነ በሀበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ፓርኪንግ ይሞላና መንገድ ላይ ትጉላላላችሁ፣ ስቴት ፓርኩም ሲሞላ በር ይዘጋል። ከቻላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ። ደግሞ ጫማ ጫማ ጫማ! ሐምሌ ላይ ቀትር ሲሆን አሸዋው የልጅ እግር ያቃጥላል፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ሄዶ መሀል ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ ሁሌ ነው የሚታየው።

ብሩክ_ናፐርቪል፦
እኛም ልንሄድ ነበር፣ ይሄን ክር ሳይ ደስ አለኝ። ልጆቼ የሚፈልጉት ያ ማውንት ባልዲ የሚባለውን የአሸዋ ኮረብታ ሮጠው ወጥተው ሮጠው መውረድ ነው። ድሮ የሄዱ ጓደኞቼ እንደዚያ ነበር የምናደርገው ይላሉ፣ አሁን ግን ተዘግቷል የሚሉም አሉ። የቱ ነው እውነቱ?

የዱኑ_ጎረቤት፦
ብሩክ ወንድሜ ይሄን በደንብ አንብበው። ማውንት ባልዲ ሚሺጋን ሲቲ አጠገብ ነው፣ 126 ጫማ ይሆናል፣ እና የሚሄድ ኮረብታ ነው፣ በየዓመቱ ከሐይቁ እየራቀ ወደ ኋላው ያለውን ጫካና የራሱን ፓርኪንግ እየዋጠ ነው። በ2013 ሐምሌ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሲወጣ አሸዋው ከሥሩ ተከፍቶ ዋጠው። 11 ጫማ ያህል ጥልቀት ውስጥ ነበር። ከሦስት ሰዓት በላይ ቆፍረው ነው ያወጡት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል።

ምክንያቱን በኋላ አጠኑት። ኮረብታው ሲሄድ የኦክ ዛፎችን በቁማቸው ይቀብራል። ዛፉ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ በዙሪያው ያለውን አሸዋ እንደ ሲሚንቶ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፣ እንጨቱ ሲያልቅ ቦታው ላይ ባዶ ቱቦ ይቀራል። ከላይ ስታየው ምንም የለም፣ ልሙጥ አሸዋ ነው። ለዚህ ነው ሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) አብሮ ከሌለ ወደ ጫፉ መውጣት የተከለከለው። ታች ያለው ቢች በጎን በሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፣ ወደ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ሬንጀሮች የሚመሩት ፕሮግራም የሚኖርበትን ቀን ቪዚተር ሴንተር ጠይቁ። አጥር ዘሎ የሚገባ ሰው ብታይ አብረኸው አትሂድ።

ልጆችህ ጉልበት ካላቸው ስቴት ፓርኩ ውስጥ ስሪ ዱን ቻሌንጅ የሚባለው አለ፣ ማውንት ጃክሰን፣ ማውንት ሆልደን፣ ማውንት ቶም፣ ሦስቱንም በ1.5 ማይል ውስጥ ትወጣቸዋለህ፣ ትልቁ ቶም 192 ጫማ ነው። አሸዋ ላይ ሁለት ስትራመድ አንዱን ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ፣ ልጆቹ ማታ ድፍት ብለው ነው የሚተኙት።

ዋናተኛ፦
ማንም ስለ ውሃው አላነሳም እና እኔ ልናገር። ሐይቅ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሚሺጋን ሐይቅ ላይ በየዓመቱ ሰው ይሞታል፣ የኛም ማኅበረሰብ ልጅ አጥቷል፣ ዝርዝሩን እዚህ አላወራም። ከሰሜን ነፋስ ሲነፍስ እዚህ ደቡብ ጫፍ ላይ ማዕበሉ ይከመራል፣ ያ ሁሉ ውሃ ተመልሶ ሲወጣ በአንድ መስመር ሰውን ይዞ ወደ ውስጥ ይስባል። ከሳባችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገሉ፣ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ ከዚያ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከሚስበው መስመር ውጡና ነው ወደ ዳር የምትመለሱት። ፒር አጠገብ በጭራሽ አትዋኙ፣ ፖርቴጅም ቢሆን ፒሩ ጋ ለእይታ ብቻ ነው። ከደቡብ ነፋስ ሲሆን ደግሞ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል ግን በአየር የሚነፋውን ጎማና ፍራሽ ከነልጁ ወደ መሀል ይገፋዋል፣ እሱን ነገር ቤት ተዉት፣ በምትኩ ላይፍ ጃኬት ግዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት) ላይ የቢች ማስጠንቀቂያ መኖር አለመኖሩን እዩ። ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስትም የባክቴሪያ ማስጠንቀቂያ ሊኖር ይችላል።

እና ዋና የማይችል አባት ልጁን ለማውጣት ሲገባ ሁለቱም የሚያልቁበት ብዙ ነው። ላይፍጋርድ ያለበት ቦታ ብቻ አስገቧቸው።

ሰብሊ_ቺካጎ፦
ዋናተኛ በጣም አመሰግናለሁ፣ ባለቤቴ ዋና አይችልም፣ እኔም እንደነገሩ ነኝ። ላይፍ ጃኬት ዛሬውኑ እገዛለሁ።

ጌች_ሮጀርስፓርክ፦
ይቅርታ ግን እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ ብዙም አልማረከኝም። ግራ ብታይ የብረት ፋብሪካ፣ ቀኝ ብታይ የመብራት ኃይል ማመንጫ፣ ጭስ። ጊዜ ካላችሁ ለምን ሰሜን ሚሺጋን ስሊፒንግ ቤር አትሄዱም? እሱም ናሽናል ሌክሾር ነው፣ ከ1970 ጀምሮ የተጠበቀ፣ ኮረብታው ከውሃው 450 ጫማ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ፣ ውሃው አረንጓዴ ሰማያዊ ነው፣ በመኪና ዞረሽ የምታይው መንገድም ስላለው ለእናትሽ ይሻላል።

የዱኑ_ጎረቤት፦
ጌች፣ ስሊፒንግ ቤር ውብ ነው፣ አልከራከርም። ግን ከቺካጎ አምስት ስድስት ሰዓት መንዳት ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሴትዮ ደርሶ መልስ ማመላለስ አይሆንም፣ ማደር አለባቸው። ያን ያህል ርቀት ካልተነዳ በቀር የተፈጥሮ ቦታ የለም የሚለው ሐሳብም ያሳዝነኛል። እዚህ 15 ሺህ ኤከር ገደማ በሆነ መሬት ላይ ከ1,100 በላይ የዕፅዋት ዓይነት አለ። ከሰሜን የመጣ የቀዝቃዛ አገር ተክልና የደረቅ አገር ቁልቋል ጎን ለጎን ይበቅላሉ።

ፋብሪካውንም ቢሆን እየው። ያየኸው የመብራት ኃይል ማመንጫ የቆመበት ሚሺጋን ሲቲ ላይ ድሮ ሁዚየር ስላይድ የሚባል 200 ጫማ ገደማ የሚደርስ የአሸዋ ተራራ ነበረ። ሰው በባቡር መጥቶ ይወጣው ነበር። ከዚያ ለመስታወትና ለጠርሙስ ፋብሪካ ብለው በጋሪ በፉርጎ እየጫኑ ወሰዱት፣ በ1920ዎቹ መግቢያ ላይ አልቆ ቦታው ሜዳ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በርንስ ሀርበር ላይ ለብረት ፋብሪካና ለወደብ ሲባል መሀለኛውን ዱን ጠረጉት፣ አሸዋው በጀልባ ተጭኖ ኢቫንስተን ሄደና ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሐይቅ ሞልቶ ግቢውን ያሰፋበት ሆነ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሐይቁ ዳር የምትንሸራሸሩ ሰዎች ከሥራችሁ ያለው የዚህ አገር አሸዋ ነው።

የቀረው በራሱ አልቀረም። ከ1952 ጀምሮ በዶሮቲ ቡየል የሚመሩ ሴቶች ሴቭ ዘ ዱንስ ብለው ተደራጅተው ገንዘብ እያዋጡ መሬት ገዙ፣ የኢንዲያና ፖለቲከኞች ወደቡን ሲፈልጉ የእናንተው የኢሊኖይ ሴናተር ፖል ዳግላስ ነው ለዓመታት ኮንግረስ ውስጥ የተሟገተው። በ1966 ወደቡም ፓርኩም አብረው ጸደቁ፣ ለዚህ ነው የተቆራረጠው። ናሽናል ፓርክ የሚለውን ስም ያገኘው በ2019 ነው። እኔ ፋብሪካውን ሳይ የሚታየኝ ሌላውም ሁሉ እንደዚያ ሊሆን እንደነበር ነው።

ዝዋይ_ልጅ፦
ጎረቤት ይሄን ስታነሳ ልቤን ነካኸው። እኔ ያደግኩት ዝዋይ ነው፣ አብያታ ሻላ በቅርባችን። ብሔራዊ ፓርክ ነው በወረቀት። አብያታ ግን ሸሽቷል፣ ድሮ ውሃ የነበረበት ነጭ ጭቃ ሆኖ ከብት ይሄድበታል። የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆን ዱቄት) ፋብሪካው ከሐይቁ ውሃ ሲስብ ኖሯል፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ፍላሚንጎው የሚበላው ከየት ይምጣ። እዚህ አገር ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው መሬት ገዙ ስትል፣ እኛ ጋ ማን ያዋጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዲያስፖራው ለስንቱ ነገር ጎፈንድሚ ይከፍታል፣ ለሐይቅ ግን አላየሁም።

ናፍቆት_ኤጅዋተር፦
@ዝዋይ_ልጅ ይሄ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ ክፈተው እናወራለን።

አፈር_ተማሪ፦
ትልቁ ልጅሽ ሳይንስ ከወደደ ዌስት ቢች ላይ ይሄን ንገሪው። ከውሃው ጀርባህን ሰጥተህ ወደ ውስጥ ስትሄድ በዕድሜ ወደ ኋላ እየሄድክ ነው። ዳሩ ላይ ምንም አይበቅልም፣ ቀጥሎ ማራሙ ሣር፣ ቀጥሎ ኮተንውድ ዛፍ፣ ቀጥሎ ጥድ፣ መጨረሻ ጥቁር ኦክ ጫካ። ሐይቁ ድሮ በረዶው ሲቀልጥ አሁን ካለበት በጣም ከፍ ያለ ነበር፣ እየወረደ ሲሄድ በየደረጃው አንድ አንድ ረድፍ ኮረብታ እየተወ ሄደ፣ ስለዚህ የራቀው ረድፍ አሮጌው ነው። ሄንሪ ካውልስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ የዕፅዋት ተመራማሪ ይሄንን አይቶ በ1899 ነው ያሳተመው፣ አንድ ተክል ለሌላው መሬት እያዘጋጀ ይተካካል የሚለው ትምህርት በዚህ ቦታ ነው የታወቀው። ባዮሎጂ ክላስ ላይ የተማራችሁት ማለት ነው።

እና ደረቁን አሸዋ እግራችሁን እየጎተታችሁ ስትሄዱበት ሲጢጢጥ የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ የኳርትዝ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው። ለትንሹ ልጅሽ እሱ ይበቃዋል።

ጫካው ውስጥ ከገባችሁ መዥገር አለ፣ ማታ ልጆቹን ፈትሿቸው። ፖይዝን አይቪ የሚባል ቆዳ የሚያሳክክ ተክልም ሞልቷል፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን አትንኩ።

ሜሪ_ኤል፦
መኪና ለሌለን ሰዎችስ? እኔ ከዳውንታውን ነው የምነሳው።

የዱኑ_ጎረቤት፦
ሜሪ፣ ሳውዝ ሾር ላይን ባቡር አለልሽ፣ ከሚሌኒየም ስቴሽን ይነሳል። ዱን ፓርክ የሚባለው ላይ ከወረድሽ በእግር መንገዱ ወደ ስቴት ፓርኩ ትገቢያለሽ፣ ለዌስት ቢች ፖርቴጅ ኦግደን ዱንስ ላይ ነው የሚወረደው። ሁለቱም ጋ ከአንድ ማይል በላይ በእግር አለ፣ ውሃ ያዢ። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ሳታዪ አትውጪ፣ ቅዳሜ እሁድ ይራራቃል።

እትዬ_በላይነሽ፦
ልጄ ሰብሊ፣ ስለ ቡናው ማንም ሳይመልስልሽ ቀረ። ከሰልና ጀበናውን ተይው፣ እሳት የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት ቦታ አለ፣ ነፋሱም አያስነድድሽም። ቤት አፍልተሽ በቴርሞስ ያዢ፣ ሲኒውንና ቆሎውን ይዘሽ ሂጂ፣ ለእናትሽ ያው ቡና ነው። ምግብ ፍልሰታ ከገባ አዚፋ ወይ የሱፍ ፍትፍት አድርጊ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ ነው፣ ሙቀት አያበላሸውም። ክዳን ያለው ዕቃ ይሁን፣ ካለዚያ አሸዋ ነው የምትበሉት፣ ወፎቹም ደፋር ናቸው ከልጅ እጅ ነው የሚነጥቁት። እንጀራውን ቀድመሽ ጠቅልለሽ ቁረጪው። ለእናትሽ ነጠላውን ከላይ የሚይዝ ኮፍያና የሚታጠፍ ወንበር፣ መሬት ቁጭ ብለው ለመነሳት ይቸገራሉ። ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ፣ ሀበሻ የተቀመጠበት ቦታ በንጽሕናው ይታወቅ።

ሰብሊ_ቺካጎ፦
እትዬ በላይነሽ እድሜ ይስጥልኝ፣ እናቴ ሳነብላት ይሄ የሴት ወይዘሮ ምክር ነው አለች።

እንግዲህ እንደዚህ አስበናል። ረቡዕ እንሄዳለን፣ ባለቤቴ ፈረቃ ቀይሯል። ጠዋት ዌስት ቢች ልጆቹና እሱ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ላይፍጋርድ ባለበት ትንሽ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ምሳ ይዘን ፖርቴጅ ሄደን ከሰዓቱን ከእናቴ ጋር እዚያ እንቀመጣለን። ስቴት ፓርኩን ለሌላ ጊዜ። ዌስት ቢችና ፖርቴጅ በአንድ ክፍያ ነው አይደል? ሌላ ደግሞ፣ ትልቁ ልጄ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ጨርሷል፣ ትምህርት ቤት ስለ ነጻ ፓርክ መግቢያ የሆነ ወረቀት ሰጥተውት ነበር፣ እዚህ ይሠራል?

የዱኑ_ጎረቤት፦
አዎ፣ ሁለቱም ናሽናል ስለሆኑ አንድ ክፍያ ነው። የ4ኛ ክፍሉም ይሠራል፣ 25 ዶላሯን አትክፈሉ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ዌብሳይት ገብቶ ልጁ ራሱ ጥያቄዎቹን ሲመልስ ፓስ ይሰጠዋል፣ ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙት፣ ልጁም መኪናው ውስጥ መኖር አለበት። ዘንድሮ የጨረሰ ልጅ እስከ ኦገስት 31 ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት ሌላም ናሽናል ፓርክ ካሰባችሁ ተጠቀሙበት። ስቴት ፓርኩ ግን አይቀበለውም።

ብሩክ_ናፐርቪል፦
ሰብሊ ረቡዕ ከሆነ እኛም እንመጣለን፣ ልጆቹ እኩያ ናቸው። ዌስት ቢች 3 ሰዓት ላይ እንገናኝ፣ በሀበሻ።